የሁለት ነጭ ዶሮዎች ጫጩቶች

በቀራንዮ፣ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው ሰፈራችን፣ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሁለት ጎረቤታሞች በእንቁላል ምክንያት ተጣሉ። ነገሩ ተራ የመንደር ወሬ ይመስላል፤ ሆኖም ይህን ጽሑፍ ወደ መጻፍ ያደረሰን እርሱ ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምራለን።

የአንዱ ጓደኛችን እናት አንድ ነጭ አውራ ዶሮና አንዲት ነጭ እናት ዶሮ ነበሯቸው። አውራው ከፈረንጅ ዶሮ የተዳቀለ ነው፤ ሴቲቱ ግን ከአባት ከእናቷ የአገር ዶሮ ናት። የታችኛው ቤት ጎረቤታቸው ነጭ ዶሮ ለማርባት ፈልገው፣ ከነጭዋ ብቻ 12 እንቁላል እንዲጠራቀምላቸው ለመኑ፤ ዋጋውንም ከገበያው አስበልጠው ከፈሉ፤ የራሳቸውም ዶሮ ለመታቀፍ በደረሰች ጊዜ አስታቀፏት። በ21ኛው ቀን 9 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ላባ እያወጡ በሄዱ ጊዜ ግን አራቱ ብቻ ነጭ ሆኑ፤ ከቀሩት ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ ሆኖ ተገኘ።

«እኔ ከነጮቹ ብዬ፣ ዋጋ ጨምሬ፤ አንቺ ከገበያ የመጣውን ቀላቅለሽ ሰጠሽኝ!» አሉ ጎረቤቲቱ።

የጓደኛችንም እናት፣ «መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው፤ ከነጭዋ ሥር በእጄ አንሥቼ ነው የሰጠሁሽ» ብለው ማሉ።

መሐላው አልታመነም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ቤቶች መካከል ቡና መጠራራት ቀረ፤ ልጆቹም በአጥሩ ቀዳዳ እንዳይተላለፉ ተከለከሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቲቱ አዘነበለ። ነጭ ከነጭ ካልተወለደ ከማን ሊወለድ ነው? እውነቱን ለመናገር እኛም ጓደኛችን እንዳያዝንብን በአፋችን ዝም አልን እንጂ በልባችን ተጠራጥረን ነበር።

በዚያው ወራት በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ዘር ውርስ የሚናገረውን ምዕራፍ ጀምረን ነበርና ነገሩን ለመምህራችን አቀረብንላቸው። እርሳቸውም ለማንም ሳይፈርዱ፣ «ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት የበለጠ ታሪክ አለው፤ መጀመሪያ ታሪኩን ፈልጋችሁ አንብቡ» አሉን። እኛም እንዳሉን አደረግን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ያገኘነውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። በሌላውም ዓለም ሕዝብ ዘንድ አሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ልጅ ወላጁን ይመስላል፤ ሁለቱ ወላጆች ካልተመሳሰሉም ልጁ ቡናና ወተት እንደሚቀላቀሉ ተቀላቅሎ መካከለኛ ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ እንስሳ አርቢዎች ይህን አሳብ የሚያፈርስ ነገር ዘወትር ያዩ ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ባሳተመው ስለ ለማዳ እንስሳትና ዕፀዋት በሚናገረው መጽሐፉ፣ ጥቁር የእስፓኝ አውራ ዶሮ ሐር መሳይ ላባ ካላቸው ነጫጭ ሴቶች ጋር አዳቅሎ እንደ ነበር ይተርካል። ከጥቁርና ከነጭ ምን ይጠበቃል? ግራጫ ወይም ዥጉርጉር ነው። ከተወለዱት አንዱ አውራ ግን ሲያድግ የዶሮ ሁሉ አባት የሚባለውን በእስያ ጫካ የሚኖረውን ቀይ የዱር ዶሮ መሰለ። ዳርዊን ይህን ወደ ጥንት አያቶች መመለስ ነው አለ። እንዴት እንደሚመለስ ግን ሊያስረዳ አልቻለም። መልሱ ከሁለት ዓመት አስቀድሞ ታትሞ ሳለ እርሱ ሳያገኘው መቅረቱ የሚያስቈጭ ነገር ነው።

ያ መልስ በብርኖ ከተማ ገዳም ይኖር የነበረው መነኵሴ የግሬጎር ሜንዴል ነው። ሜንዴል በአተር ላይ ያደረገውን ምርመራ በ1866 አሳተመ። በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ የሚያውቀውን በአጭሩ ብናስታውስ፣ እያንዳንዱ ፍጡር ለአንድ ጠባይ ሁለት የዘር ቅንጣት ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ ነው። ዛሬ ጂን የምንለው ይህን ነው። ከሁለቱ አንዱ በርትቶ ይታያል፤ ሁለተኛው ይሸሸጋል እንጂ አይጠፋም፤ በልጅ ልጅ ጊዜ ከአራት አንድ ያህል ሆኖ ይወጣል። ይህ 3 ለ 1 የሚባለው ስሌት ነው።

ከሜንዴል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ ክፍል አለ፤ እኛን ከሁሉ የበለጠ የደነቀን እርሱ ነው። ሜንዴል ነጭ አበባ ያለውን ባቄላ መሳይ አደንጓሬ ቀይ ሐምራዊ አበባ ካለው ዓይነት ጋር አዳቀለ። በስሌቱ መሠረት ከልጅ ልጆቹ ሩቡ ነጭ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ካበቡት 31 ተክሎች ነጭ የሆነው አንድ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹም ቀለም ከጥቁር ሐምራዊ እስከ ፈዛዛ ድረስ ብዙ ዓይነት ሆነ። የገዛ ሕጉ የፈረሰ በመሰለበት በዚህ ቦታ ሜንዴል አልደበቀውም። ምናልባት የአበባው ቀለም አንድ ቅንጣት ሳይሆን ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቅንጣቶች በአንድነት የሚሠሩት ይሆናል ብሎ ጻፈ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ያህል የሚያስተውለው ሰው አላገኘም።

በ1900 ደ ፍሪስ፣ ኮረንስና ቼርማክ የተባሉ ሦስት የዕፀዋት ሊቃውንት የሜንዴልን ሥራ እንደገና ለዓለም አወጡት። ከእነርሱ በኋላ ግን ስለ ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የተከራከረው እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን ነው። ቤትሰን በካምብሪጅ አጠገብ ግራንትቸስተር በምትባል መንደር ይኖር ነበር፤ በግቢው ዶሮ ያረባ ነበር። ባለቤቱ ቢያትሪስ የሥራው ረዳት ነበረች፤ ከኒውንሃም የሴቶች ኮሌጅ የመጡ ተማሪዎችና መምህራንም አብረውት ይመረምሩ ነበር። እንግዲህ የዚህ ትምህርት መነሻ በትልቅ ላቦራቶሪ ሳይሆን በእናቶቻችን ጓሮ በሚመስል ጓሮ ነው ማለት ይቻላል። በ1902 ቤትሰን በዶሮ፣ ፈረንሳዊው ሉስየን ኬኖ ደግሞ በናንሲ ከተማ በአይጥ፣ የሜንዴል ሕግ በእንስሳም እንደሚሠራ አስታወቁ።

ቤትሰን ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ ኩክኔ ነው፤ ይኸውም በዶሮ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነው። በአገራችን ገበያ ድርብ ኩክኔ ያለው አውራ ዶሮ ከነጠላው ይልቅ እንደሚወደድ አንባቢ ያውቃል። ቤትሰን ጽጌረዳ የሚባለውን ሰፊ ኩክኔ ከነጠላ ጋር ሲያዳቅል ጽጌረዳው አሸነፈ፤ አተር የሚባለውን ዝቅ ያለ ኩክኔ ከነጠላ ጋር ሲያዳቅል አተሩ አሸነፈ። እንግዲህ ሁለቱን አሸናፊዎች ቢያጋጥማቸው ማን ያሸንፋል? ማንም አላሸነፈም። የተወለዱት ሁሉ ከሁለቱም ያልሆነ፣ የዋልነት ፍሬ የሚመስል ኩክኔ ይዘው መጡ። እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ደግሞ ከ16 ልጆች 9 ያህሉ ዋልነት፣ 3 ጽጌረዳ፣ 3 አተር፣ አንዱም በአባትም በእናትም ያልታየው ነጠላ ሆነ። አንዱን መልክ ሁለት ጂኖች ተባብረው እንደሚሠሩት በግልጽ የታየው በዚህ ነው።

ኬኖም በ1903 በነጫጭ አይጦች ላይ ሌላ ነገር አገኘ። ነጭ አይጥ ቀለም የሌላት ትመስላለች፤ ነገር ግን በውስጧ የአያቶቿን ቀለም ደብቃ ትይዛለች። ከግራጫ ዘር የመጣች ነጭ ከጥቁር አይጥ ጋር ስትዳቀል ልጆቿ ግራጫ ይሆናሉ። ጥቁሩ አባት ግራጫ አልሰጠም፤ የሰጠችው ነጭዋ እናት ናት። ነጭነት ባዶነት ሳይሆን መጋረጃ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ቤትሰን ከባልደረባው ከረጂናልድ ፐኔት ጋር ለአበባው ብቻ የሚተከለውን ጥሩ ሽታ ያለውን የአተር ዓይነት ያዳቅል ነበር። ሁለት ነጭ አበባ ያላቸው ተክሎች ተዳቀሉ፤ ልጆቻቸው ሁሉ ሐምራዊ ሆነው አበቡ! የልጅ ልጆቹም ሲቈጠሩ 3 ለ 1 አልሆኑም፤ ባለ ቀለሞቹ ከነጮቹ ጥቂት ብቻ በዙ። በዚያን ጊዜ ዌልደንና ፒርሰን የተባሉ የቤትሰን ተቃዋሚዎች የሜንዴል ሕግ ለጥቂት አተሮች ብቻ እንጂ ለፍጥረት ሁሉ አይሠራም እያሉ ይጽፉ ነበር። ይህ ዓይነቱ ቍጥር ለእነርሱ መልካም መሣሪያ በሆነ ነበር። ቤትሰንና ፐኔት ግን ቍጥሩን ከመጣል ይልቅ መልሰው አሰሉት፤ ስሌቱም 9 ለ 7 መሆኑን አገኙ። 9 እና 7 ሲደመሩ 16 ናቸው፤ ይህም በኩክኔ የታየው ያው 16 ነው።

ይህን ስሌት ለመረዳት እኛ ብዙ ተቸግረን ነበር። በመጨረሻ የተረዳነው በጠላ ምሳሌ ነው። ጠላ ለመጥመቅ ብቅልም ጌሾም ያስፈልጋል። በአንዱ ቤት ብቅል ሞልቶ ጌሾ የለም፤ በሌላው ቤት ጌሾ ሞልቶ ብቅል የለም። እንግዳ ወደ ሁለቱ ቤቶች ቢገባ በሁለቱም ጠላ ስለማያገኝ አንድ ዓይነት ቤቶች ይመስሉታል። የሁለቱ ቤት ልጆች ተጋብተው ጎጆ ሲወጡ ግን አንዱ ብቅሉን ሌላው ጌሾውን ይዞ ይመጣልና ጠላ ይጠመቃል። ሁለቱ ነጭ አበቦች እንደዚህ ነበሩ፤ ነጭነታቸው በዓይን አንድ ሲሆን ምክንያቱ ግን ሁለት ነበር። ከ16 የልጅ ልጆች ሁለቱንም የሚያገኙ 9 ናቸው፤ ሦስቱ ብቅል ብቻ፣ ሦስቱ ጌሾ ብቻ ያገኛሉ፤ አንዱ ሁለቱንም ያጣል። እነዚህ ሰባቱ በጓዳቸው ያለው ይለያያል እንጂ ጠላ የላቸውም።

በዶሮ ላይ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነገር አለ። ዋይት ሌግሆርን የሚባለው ነጭ የፈረንጅ ዶሮ ነጭ የሆነው አንዳች ጐድሎት አይደለም። ብቅሉም ጌሾውም አለው፤ በጋኑ ላይ ግን ክዳን ተከድኖበታል። ቀለምን የሚከለክል ብርቱ ጂን አለውና ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ እንኳ ሥራውን ይሠራል። ዋይት ሌግሆርን በጐድሎት ነጭ ከሆነ ዶሮ ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ነጭ ናቸው፤ አንዳንዴ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ይታይባቸዋል። የልጅ ልጆቹ ግን ከ16 ውስጥ 13 ነጭ፣ 3 ባለ ቀለም ይሆናሉ። ምክንያቱም 12ቱ ክዳኑን ይወርሳሉ፤ ክዳን ከሌላቸው 4 ደግሞ አንዱ በጐድሎት ነጭ ይሆናል። ቤትሰን አንዱ ጂን ሌላውን ሲጋርድ «ኤፒስታቲክ» የሚለውን ቃል በ1907 አወጣለት፤ ቃሉም በላይ የቆመ እንደ ማለት ነው።

ቤትሰንና ፐኔት ጂን ከምን እንደ ተሠራ ሳያውቁ ይህን ሁሉ በቈጠራ ብቻ ደርሰውበታል። የኋላ ሊቃውንት ቦታውን በጣታቸው አሳይተዋል። የላባ ቀለም ሜላኒን ይባላል፤ አንዱ ዓይነት ጥቁር፣ ሁለተኛው ቀይና ቢጫ ነው። ቲሮሲኔዝ የሚባል ሠራተኛ ፕሮቲን ከሌለ ሁለቱም አይሠሩም። በ2006 እንደ ታወቀው በጐድሎት ነጭ የሆኑ ዶሮዎች በዚሁ በቲሮሲኔዝ ጂናቸው ውስጥ የጥንት ቫይረስ ቍራጭ ገብቶ ሥራውን አሰናክሎታል። የሌግሆርን ክዳን ግን በሌላ ጂን ላይ ነው፤ በስዊድን የኡፕሳላ ተመራማሪዎች በ2004 እንዳሳዩት፣ ፒኤምኢኤል17 በሚባል ጂን ውስጥ ዘጠኝ ፊደል ብቻ ተጨምሮ ተገኝቷል። ይህ ክዳን ጥቁሩን አጥብቆ ይከለክላል፤ በቀዩ ላይ ግን አይበረታም፤ ስለዚህ ከቀይ ዶሮ ጋር ሲዳቀል በአንዳንዱ ልጅ ነጭ ላባ መካከል ቀይ ይታያል። የጽጌረዳ ኩክኔም ምክንያት በ2012 ተገለጸ፤ አንድ ትልቅ የክሮሞሶም ቍራጭ ተገልብጦ ተቀምጧል። ከአባትም ከእናትም ይህን የወረሰ አውራ ዘሩ ደካማ የሚሆነው መገልበጡ ሌላ ጂን ስለ ሰበረ ነው። አርቢዎች ድካሙን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር።

በአገራችን ዶሮ እንግዳ አይደለም። በትግራይ መዝበር በሚባል ስፍራ በቍፋሮ የተገኘ የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ዘመን የነበረ መሆኑ ተመርምሯል፤ በአፍሪካ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ከቀደሙት አንዱ ነው። ገበሬው ዶሮውን በቀለሙ ይጠራዋል፤ ተከተል ፎርሲዶ የተባሉት ሊቅም በ1986 የአገር ዶሮዎችን ሲመረምሩ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማ፣ መላጣ በሚሉት በእነዚሁ የገበሬ ስሞች ነው የለዩአቸው። (መላጣ የቀለም ስም አለመሆኑን እናውቃለን፤ አንገቱ ላባ የሌለው ነው።) ለእንቁጣጣሽ የሚገዛውን ዶሮ ቀለም መርጦ የሚያዝ ሽማግሌ በየቤቱ አለ፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን በቀለሙ ይቈርጣል። የፈረንጅ ዶሮዎች ግን በብዛት መግባት የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው። ዋይት ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል መጡ። ከዚያ ወዲህ ነጩ ሌግሆርንና ዲቃሎቹ ከአገር ዶሮ ጋር ሲደባለቁ ኖረዋል። ስለዚህ ዛሬ በቀራንዮ መንደሮች ነጭ ሆነው የሚሄዱ ሁለት ዶሮዎች፣ አንደኛው በክዳን ሁለተኛዋ በጐድሎት ነጭ ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገሩ በዶሮ ብቻ አይደለም። አምባላይ ፈረሶች ብዙዎቹ ሲወለዱ ጥቁር ወይም ቀይ ሆነው ከዕድሜ ጋር ይነጣሉ፤ አንድ ጂን የሌሎቹን ቀለም ሁሉ ቀስ በቀስ ይሸፍናል። የሰውም ቆዳ ቀለም የብዙ ጂኖች ሥራ ነው። ከቀይ አባትና ከቀይ እናት ጠይም ልጅ ተወልዶ እናቲቱ የተጠረጠረችበትን ቤት ሁላችንም ሰምተናል። በዶሮ ጠብ ቡና ይቀራል፤ በዚያ ግን ትዳር ይፈርሳል።

ይህን ካነበብን በኋላ የጓደኛችን እናት ነገር ተገለጸልን፤ መገለጽ ግን ማስረጃ አይደለም። አውራው ክዳኑን ከአንድ ወላጁ ብቻ ወርሶ፣ ሴቲቱም በጐድሎት ነጭ ከሆነች፣ ከልጆቻቸው ግማሽ ያህሉ ባለ ቀለም መሆን አለባቸው። መምህራችን ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁን፤ የአውራ ዘር በሴቷ ሆድ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቈይ ይችላልና የሌላ አውራ ሥራ ሊሆን ይችላል አሉን። ስለዚህ ነጭዋን ዶሮ ለአንድ ወር ለብቻዋ ዘጋንባት፤ በዚያ ጊዜ የጣለችውን እንቁላል ቤተሰቡ በላው። ከዚያ ነጩን አውራ ብቻ አስገባንላት፤ ከሳምንት በኋላ የምትጥለውንም እያንዳንዱን በእርሳስ ምልክት እያደረግን 10 እንቁላል አጠራቀምን። ቍልፉን የያዝነው እኛ ነበርን፤ የጓደኛችን እናት እንኳ እንዲነኩት አልፈቀድንላቸውም። እርሳቸውም በዚህ ትንሽ ቅር ተሰኝተው ነበር።

ከ10ሩ 8 ተፈለፈሉ። አምስቱ ነጭ ሆኑ፤ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ ሆነ። ከነጮቹ አንዱን ከጊዜ በኋላ ጭልፊት ወሰደው፤ ቍጥሩን ግን አስቀድመን ጽፈነው ነበር።

ይህ ያለፈው ዓመት 12 እንቁላል እንዳልተቀላቀለ አያስረዳም። ለዚያ ያለው የጓደኛችን እናት ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን በእርሳቸው ላይ የቀረበው ብቸኛ ማስረጃ የጫጩቶቹ ቀለም ነበርና እርሱ ወደቀ። ለታችኛው ቤት ጎረቤት ሄደን ነገርናቸው፤ «እትዬ፣ እባክዎ መጥተው በዓይንዎ ይዩ» አልናቸው። ስለ ክዳኑና ስለ ጌሾው የተናገርነውን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «መጽሐፍ የማይለው የለም» አሉን እንጂ አልመጡም።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ግን ከቅዳሴ ሲመለሱ በአጥሩ ቀዳዳ ቆመው ጫጩቶቹን ሲቈጥሩ አየናቸው። ሁለት ጊዜ ቈጠሩ። የጓደኛችን እናት ከጓዳ ወጥተው ዝም ብለው አጠገባቸው ቆሙ። ጎረቤቲቱም ብዙ ቈይተው፣ «ያቺ ጥቁሯ ቄብ ስትሆን ለእኔ ትሸጪልኛለሽ?» አሏቸው።

«አልሸጥልሽም» አሉ የጓደኛችን እናት። «ግቢ፤ ቡናው ሊወርድ ነው።»